የእናቴ ፍግና የእኔ ቲማቲም

ከልጅነቴም ቁጡ ነኝ። የሆሳዕና የቢሮ ሥራዬን ትቼ ገጠር ሌሞ፣ እናቴ ጓሮ ቲማቲም ልተክል ስገባ ግን ጭራሽ ባሰብኝ። ሁለት ዓመት የተከልኩት ሁሉ ጠውልጎ ደረቀ፤ ለካ አፈሩ ውስጥ የቲማቲም ሥር የሚያበላሽ በሽታ ኖሯል። እናቴም «ዘንድሮ ከደረቀ መሬቱን ለእንሰት እመልሰዋለሁ፤ አንቺም ወደ ሆሳዕናሽ» አለችኝ።

ማዳቀል የተማርኩት ያኔ ነው። የቲማቲሙን ችግኝ አናት ቆርጬ፣ አናቱ ተቆርጦ ሥሩ በቀረ የደበርጃን ችግኝ ላይ አጋጥሜ በትንሽ መቆንጠጫ አስያዝኩት። ደበርጃን የቲማቲም ዘመድ ነው፤ ሥሩ ግን በሽታውን ይቋቋማል፤ ርቆ ሄዶም ውሃውንና ምግቡን እየሳበ ለላይኛው ይልክለታል። ያዘልኝ! ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ሆነ፤ እኔም ለጎረቤቱ ሁሉ ጉራዬን ነዛሁ።

ከዚያ አራሷን እህቴን ልረዳ ቦኖሻ ሄጄ ከሦስት ሳምንት በኋላ ስመለስ፣ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ቀትር ላይ ተልፈስፍሶ ጠበቀኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ እያንዳንዱ ግንድ ዙሪያውን ፍግና አፈር ተከምሮበታል። እናቴ ልክ እንደ እንሰቷ ተንከባክባልኛለች! መጋጠሚያው ተቀብሮ፣ ቲማቲሙ ከበላዩ የራሱን ሥር አውጥቶ ያንኑ የታመመ አፈር መጥባት ጀምሯል።

«ማን ነካኪ አለሽ? ጨረስሽኝ እኮ!» ብዬ ጮህኩባት። በገዛ እናቴ ላይ! እሷ እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ ወደ ቤት ገባች።

አፈሩን በእጄ እየዛቅኩ፣ አዲሶቹን ነጫጭ ሥሮች በምላጭ እየቆረጥኩ መጋጠሚያዎቹን ገለጥኩ። ከዚያ በኋላ መጠበቅ ብቻ ነበር። እናቴ በዚያ ሰሞን ወደ ጓሮው ዝር አላለችም፤ እኔም ኩራቴ ይዞኝ አልጠራኋት።

በአሥረኛው ቀን ለጋ አረንጓዴ ቅጠል ብቅ አለ፤ ቀትር ላይም ቀጥ ብሎ ቆመ። ጥቂቶቹ አልተረፉም፣ የቀሩት ግን ነፍስ ዘሩ። እፎይ!

እናቴን ጠራኋት። አጥሩ ጋ ቆመችና፣ «አልገባም፤ የእኔ እጅ ይገድላል» አለች።

እየጎተትኩ አስገባኋት። ቅጠሉን ስታይ «ጌታ ይባረክ!» ብላ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ይቅር በይኝ፣ እማ» አልኳት።

«እንዳይደርቅና እንዳትሄጂብኝ ብዬ እኮ ነው ፍጉን ያለበስኩት» አለችኝ።