የመጋረጃ ቤቱ ሁለት አባላት

ባለሜትሩና ሚስቱ ሐሙስ ተፋቱ፤ ዓርብ ጠዋት ሁለቱም ሥራ ገቡ። ምን ያድርጉ? ትዳሩ ፈረሰ እንጂ መጋረጃ ቤቱ አልፈረሰም። እሱ የሰው ቤት እየዞረ መስኮት ይለካል፣ ግድግዳ ይበሳል፣ ዘንግ ይሰቅላል። እሷ ትቆርጣለች፣ ትሰፋለች። ሜትሩ ከአንገቱ ስለማይወርድ ሰፈሩ እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም ከረሳው ቆይቷል። ስለ ፍቺው ምክንያት ብትጠይቋቸው ሁለቱም ሌላ ሌላ ነገር ነው የሚነግሯችሁ፤ ሁለቱም ደግሞ አይዋሹም።

ከዚያ ዓርብ ጀምሮ ሰፊዋ «አንተ» ማለት ተወች። «መቀሱን አይተውታል?» ትለዋለች፣ ዛሬ በር ላይ እንዳገኘችው ደንበኛ። ስንት ዘመን ካልሲውን ያጠበች ሴት! አንቱታዋ ከፍርዱ በላይ አንገበገበው። ግን ምን ብሎ ይክሰሳት? አከበረችኝ ብሎ?

ከጨርቅና ከመቀስ ሌላ የሚያወሩት አልነበራቸውም። ምሳቸውን እንኳ እሱ ደጅ፣ እሷ ውስጥ ሆነው ይበላሉ። እሱም ይሁን ብሎ ተቀምጦ ሳለ አንድ ቀን ስፌቷን አቁማ፣ «ሱቁ በእርስዎ ስም ነው» አለችው። «ነገ ሌላ ቢያገቡና መጥታ ተነሺ ብትለኝ በምን አፌ እመልሳለሁ? ወይ ድርሻዬ በሕግ ይታወቅ፣ ወይ የስፌት መኪናዬን ይዤ ልሂድ።»

ባለሜትሩ «እኔን ደግሞ ማን ታገባለች» ሊል ነበር፤ ዋጠው።

ብትሄድ የሚመጣውን ያውቀዋል። ይህ ሰው ሲለካ ሁልጊዜ አንድ ስንዝር ያስተርፋል። «ጨርቅ ቢተርፍ እንጂ አይነስ» ነው ሃይማኖቱ። እሷም ምንም ሳትለው ትርፉን ቀንሳ ትቆርጣለች። አንድ ጊዜ እህቷን ልታስታምም ብትሄድ ሥራውን ለሌላ ሰፊ ሰጠ፤ ሰውየው በተጻፈለት ልክ ሰፋና የአንድ ሐኪም ቤት መጋረጃ ወለል ሲጠርግ ከረመ። ሥራውስ ይቅር፤ መኪናዋ የሚቆምበትን ጥግ ባዶ አድርጎ ሊያስበው አልቻለም። እንድትሄድ አልፈለገም፤ ይኸው ነው።

ጎረቤታቸው ቁልፍ ሠሪ ነገሩን ሰምቶ፣ «ማኅበር መሥርቱ። እኔና ወንድሜ ሆድና ጀርባ ሆነን እንኳ አብረን የምንሠራው በእሱ ነው» አለና ወደ አንዲት ወጣት ጠበቃ ላካቸው።

ጠበቃዋ ቢሮ ለእንግዳ ያለው ሁለት ወንበር ብቻ ነው፤ ያውም ተጠጋግቶ። «ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ይባላል» አለቻቸው። «ለማቋቋም ሁለት ሰው ይበቃል። ማኅበሩ ቢከስር የምትጠየቁት ባዋጣችሁት ልክ ነው፤ ቤታችሁን ማንም አይነካባችሁም።»

«ቤቱንማ ተካፍለነዋል» አለች ሰፊዋ።

ጠበቃዋ ጉሮሮዋን ጠርጋ ወደ መዋጮው ገባች። የስፌት መኪናው የእሷ፣ የግድግዳ መብሻው የእሱ። የቀረው መሰላሉ ነበር፤ ፍርድ ቤት ግማሽ ቀን ያጨቃጨቃቸው መሰላል።

«የማኅበሩ ይሁን» አለ ባለሜትሩ።

«ድርሻችሁ እኩል ነው። ባትስማሙስ ማን ይወስናል?» ጠበቃዋ ገና አላገባችም ነበር። ራሷ ወደሚቀጥለው መስመር ወረደች። «እሺ፣ ሥራ አስኪያጅስ?»

«እሷ» አለ ባለሜትሩ። «ከዚያ ጥግ ተነሺ የሚላት እንዳይኖር አድርገሽ ጻፊልኝ፣ ልጄ። እኔንም ጨምሮ።»

ሰፊዋ ቀና ብላ አየችው። ከተፋቱ ወዲህ ፊቱን እንዲህ አይታው አታውቅም።

ጠበቃዋ ማንበቧን ቀጠለች። «የአባላት ጉባኤ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይሰበሰባል።»

«ጉባኤ ማለት እኔና እሷ ነን?» አለ ባለሜትሩ።

«አዎ፣ ጋሼ። ቁጭ ብላችሁ ትነጋገራላችሁ።»

«መቅረት አይቻልማ?»

«አባል እንዴት ይቀራል?»

«እንግዲያው በየሳምንቱ በይው።»

«ኧረ ጋሼ፣ እንዲህ ያለ መመሥረቻ ጽሑፍ አይቼ አላውቅም! በየሳምንቱ ምን ትነጋገራላችሁ?»

ባለሜትሩ የሜትሩን ጫፍ ይጠቀልል ይፈታ ጀመር። «የመስኮት ጉዳይ አይጠፋም» አለ።

ጠበቃዋ ወደ ሰፊዋ ዞረች። «እትዬ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«በየአሥራ አምስት ቀኑ በይው» አለች ሰፊዋ። «እሱ ሲለካ ያስተርፋል።» ከዚያ ወደ ባለሜትሩ ሳትዞር፣ «ስብሰባ ነው ብለህ ደግሞ ያን አዝራሩ የወለቀ ሸሚዝ ለብሰህ እንዳትመጣ። ቀደም ብለህ አምጣልኝ» አለችው።

ጠበቃዋ የሸሚዙ ነገር ይጻፍ አይጻፍ ግራ ገብቷት እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀረች። ባለሜትሩ እሺ በሚል ራሱን ነቀነቀና ፈረመ።