የድመቷ ፀጉርና የእናቴ ጉልበት

የድመት ፀጉር ፈትሎ የማያውቅ ሰው ስለ ትዕግሥት አያውራኝ። ጥጥ ፈትያለሁ፤ ከሰንበቴ ገበያ የመጣ የበግ ፀጉርም ፈትያለሁ። ጥጥ ይታዘዛል። የበግ ፀጉር ትንሽ ያስቸግራል እንጂ መጨረሻ ላይ እሺ ይላል። የድመት ፀጉር ግን መያዣ የለውም! ሲያሻው ይንሸራተታል፣ ሲያሻው ይበናል፣ ሲያሻው አፍንጫ ውስጥ ይገባል። ወላሂ፣ በሕይወቴ እንደዚህ ያናደደኝ ሥራ የለም፤ ባሌን ፈትቼ ዕቃዬን ተሸክሜ ከሚሴ እናቴ ቤት የተመለስኩበት ቀን እንኳ ይሻላል።

ነገሩን ያመጣው የእናቴ ጉልበት ነው። አዬ እያልን ነው የምንጠራት። ቁርጥማቱ ጉልበቷን ከያዘው በኋላ ቆማ መስገድ አቃታት። ወንድሜ ተቀምጣ እንድትሰግድበት ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ገዛላት። ሃይማኖቱ ይፈቅዳል፤ መቆም ያልቻለ ቁጭ ብሎ ይሰግዳል። እሷ ግን ከወንበሩ ጋር ተጣላች። «እንደ ባለሥልጣን ወንበር ላይ ተቀምጬ ጌታዬን ላናግር?» ትላለች። ሰግዳ ስትጨርስ ወንበሩን በእጇ ገፋ ታደርገዋለች፣ ዓይኗ እንባ ያቀራል። ከሕመሙ በላይ የሚያማት ይሄ ነበር። እኔንም ያንገበገበኝ ይሄው ነው። እናቴ አንድ ቀን እንደገና ቆማ ስትሰግድ ማየት ፈለግኩ፣ ሌላ ምንም አላማረኝም።

ከጤና ጣቢያ የተሰጣት ክኒን ጨጓራዋን አቃጠላት። ቅባቱ ሽታው እንጂ ጥቅሙ አልታየም። ጉልበቷ ፋታ የሚያገኘው ድመቷ ስትተኛበት ብቻ ነው።

ድመቷ መጀመሪያ የኛ አልነበረችም። አጠገባችን ተከራይቶ ይኖር የነበረ የመንግሥት ሠራተኛ ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር ለአዬ ትቷት ሄደ። እንዳገራችን ድመት አይደለችም፤ ፀጉሯ ረጅም፣ ጭራዋ እንደ መጥረጊያ የተንዠረገገ። ሰፈሩ «የፈረንጅ ድመት» ይላታል። አዬ «አዱሬ» ብቻ ነው የምትላት፤ በኦሮምኛ ድመት ማለት ነው። ለድመት ምን ስም ያስፈልጋል ባይ ናት። ይቺ አዱሬ ታዲያ ከሰው ሁሉ መርጣ አዬ ጉልበት ላይ ጥቅልል ትላለች። ያኔ አዬ ዓይኗን ትከድንና «አልሀምዱሊላህ፣ ሙቀቷ እኮ አጥንቴ ድረስ ገባ» ትላለች። ግን ድመት መች አንድ ቦታ ትረጋለች? አይጥ ኮሽ ካለ ዘላ ሄደች፣ የጎረቤት ዶሮ ካለፈ ዘላ ሄደች። ደግሞስ ድመት ጉልበቱ ላይ ተኝታለት ቆሞ የሚሰግድ ማን አለ?

እንዲህ እያልን ሳለ አንድ ቀን ወንድሜ በሚከፍተው ዲሽ ላይ አንዲት ፈረንጅ አየን። ውሻዋን ታበጥራለች፣ ከማበጠሪያው የወጣውን ፀጉር ትፈትላለች፣ ከፈትሉ የሠራችውን ሹራብ ለብሳ ትስቃለች። አዬ ጮኸች። «አስተግፊሩላህ! የውሻ ፀጉር? ዝጉት ይሄን ነገር!»

እውነቷን ነው፤ ውሻ እኛ ዘንድ ነጃሳ ነው፣ የላሰው ዕቃ ታጥቦ ታጥቦ ነው የሚጠራው። ድመት ግን ንጹሕ ናት። ጠጥታ ባስተረፈችው ውኃ እንኳ ለሶላት መታጠብ ይቻላል። ይሄን ከሚሴ ውስጥ ሕፃን ያውቀዋል። ቴሌቪዥኑ ሲዘጋ የኔ ጭንቅላት ተከፈተ። አዱሬ ጉልበቷ ላይ አልረጋም ካለች፣ ፀጉሯን ጉልበቷ ላይ አስራለሁ!

የበግ ፀጉር ምን አለው የሚለኝ አይጠፋም። ሞክሬዋለሁ። ደገኞች ሰንበቴ ካወረዱት ገዝቼ፣ አጥቤ፣ ፈትዬ፣ በኪሮሽ የጉልበት ማሰሪያ ሠራሁላት። ቆዳዋን በላት። ስታከው ውላ ስታከው አድራ ጉልበቷን አቆሰለችው። ማሰሪያውን ፈትታ «ይሄስ በጉ ራሱ ሳይበላው አይቀርም» ብላ መለሰችልኝ።

ከዚያ በኋላ አዬ ትልቁን ሚዶ ይዛ ድመቷን ታበጥራለች፣ እኔ ሚዶው ላይ የቀረውን ፌስታል ውስጥ አጠራቅማለሁ። የጨፋ ሜዳ ሙቀት ሲበረታ አዱሬ ፀጉሯን ቤቱ ሁሉ ታራግፋለች። ከምንጣፍ ለቀምኩ፣ ከፍራሽ ለቀምኩ፣ ከወንድሜ ሱሪ ሳይቀር ለቀምኩ። ወንድሜ የሚኒባስ ሾፌር ነው፤ ምላሱ ከክላክሱ ይብሳል። «ፌስታሉ ካልሞላ የኔንም ፂም ላጪው» ይለኛል። «አንተ መጀመሪያ ፂም ይብቀልልህ» እለዋለሁ።

ፌስታሉ ሞላ። እንደ ጥጥ በደጋን ልነድፈው ተቀመጥኩ። ጥጥ በደጋን ሲመታ ይፈካል። የድመት ፀጉር ሲመታ በረረ። በቃ፣ በረረ! ጣሪያው ላይ፣ መጋረጃው ላይ፣ ቅንድቤ ላይ። ምሳ ቀርቦ ኖሯል። ወንድሜ አንድ ጊዜ እንደጎረሰ ማኘኩን አቆመ፣ በሁለት ጣቱ ከምላሱ ላይ አንድ ረጅም ነገር እየሳበ «ይሄ ሽሮ ነው ድመት?» አለ። አዬ እያነጠሰች ትስቃለች፣ እየሳቀች ታነጥሳለች። እኔን ግን ምንም አላሳቀኝም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ሳልቸኩል አፍስሼ፣ በርከክ ብዬ እየተንፏቀቅኩ ለቀምኩ።

ደጋኑን ተውኩና በጣቴ እያፍታታሁ በእንዝርት ሞከርኩ። ክንድ ሳይሞላ ብጥስ። እቀጥለዋለሁ፣ ብጥስ። ምራቄን እያስነካሁ አጠብቀዋለሁ፣ ብጥስ። እንዝርቱ ሲወድቅ ደግሞ አዱሬ ሆዬ ከተኛችበት ተነስታ እየደበደበች አልጋ ሥር ታንከባልልልኛለች። የገዛ ፀጉሯን! ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲሉ እሰማ ነበር፤ የኔ ድር ራሱንም አላስር አለ። አንድ ቀን እንዝርቱን ግቢው ውስጥ ካለው አመድ ላይ ወርውሬ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አዬ ከበሩ ሆና «ዲሲ፣ ማሎ» አለችኝ፤ ተይው እባክሽ ማለቷ ነው። ስታዝንልኝ ኦሮምኛዋ ይቀድማታል። «ወንበሩም ይበቃኛል» አለች ቀጥላ። እንደማይበቃት ስለማውቅ ይበልጥ በገንኩ። ተነስቼ እንዝርቱን ከአመዱ መካከል አነሳሁት።

መላው የመጣልኝ ከዚያ ንዴት ነው። የተነደፈ ጥጥ ዘረጋሁና የድመቷን ፀጉር ከላዩ ስስ አድርጌ አነጠፍኩበት፣ ከዚያ እንደ ሳምቡሳ ሊጥ ጠቀለልኩት። ጥጡ ፀጉሩን ይዞት ይሄድ ጀመር! ጥጡ ከበዛ ሙቀቱ ይቀራል፣ ካነሰ ይበጠሳል። ልኩን እስካገኘው ድረስ ስንቱን በጥሼ ጣልኩ፣ ስንቱን ረገምኩ። ፈትሉን ሳጥበው ቤቱ ድመት ድመት ሸተተ፤ ወንድሜ ሚኒባሱ ውስጥ ማደር ይሻለኛል ብሎ ፎከረ። እኔ ልቃቂቱን ፀሐይ ላይ ሰቅዬ፣ ወፍ ለጎጆዋ እንዳትወስድብኝ አጠገቡ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ከአንዱ በጋ እስከ ሌላው በጋ እንዲህ ስናደድ ከርሜ፣ በኪሮሽ ሁለት ማሰሪያ ሠራሁ። አመድማ፣ ለስላሳ፣ ሲነኩት ሞቅ የሚል።

ጠዋት አሰርኩላት። «አይበላም» አለች። ትንሽ ቆይታ «ሞቀኝ» አለች። የቀትሩ ሶላት፣ ዙህር፣ ሲደርስ ታጥባ ውዱእ አድርጋ መጣችና ወንበሩን በእጇ ወደ ጥግ ገፋችው። ምንጣፉ ላይ ቆመች። ግድግዳውን ያዝ አድርጋ ቀስ ብላ ጎነበሰች፣ ቀስ ብላ ወረደች፣ ግንባሯ መሬት ነካ። እኔ በሩ ላይ ትንፋሼን ውጬ ቆሜያለሁ። ስትነሳ ጉልበቷ ከዳት ብዬ ልሮጥ ስል፣ ተነሳች። እልል ልል ቃጥቶኝ አፌን በሻሼ ያዝኩት። ከፀጉሩ ይሁን ከልቧ እኔ አላውቅም። ቆመች፣ በቃ!

ያ ደስታ ታዲያ ዕድሜ አላገኘም።

አዬ ደስታ ደብቃ መያዝ አትችልም። ከሟቹ አባቴ ጋር ኪታብ የቀሩ፣ አብረውት የተማሩ፣ አንድ ሸኽ አሉ፤ አልፎ አልፎ መጥተው ይጠይቋታል። ሁለት ሳምንት ያህል ቆማ ከሰገደች በኋላ ሲመጡ፣ ገና ሳይቀመጡ «ያ ሸኽ፣ አላህ በአዱሬ ሰበብ አቆመኝ!» ብላ ወሬውን ዘረገፈችው። የቀረውን እኔ ሞላሁ፤ ፌስታሉን፣ ደጋኑን፣ ሁሉንም። ሸኹ እየሳቁ ሰሙኝ። ከዚያ ሳቃቸው ቀስ እያለ ጠፋ።

«ፀጉሩ ከሷው የረገፈ ነው?» አሉኝ።

«የረገፈ ነው፤ አንዲትም አልነቀልንባትም» አልኩ በኩራት፣ ድመቷን አሰቃይታችኋል ወይ ያሉኝ መስሎኝ።

ከዚያ ወደ አዬ ዞሩ። «ድመቷ ንጹሕ ናት፤ ይሄ ጥያቄ የለውም። ግን ሥጋው ከማይበላ እንስሳ፣ በሕይወቱ እያለ የተለየ ፀጉር፣ እኛ በምንሄድበት በሻፊዒ ኪታብ ለሶላት አይሆንም። ልብስ ላይ ትንሽ ቢገኝ ይቅር ይባላል። ይሄ ግን ጥጥ ቢገባበትም የተሠራው ከእሱ ነው።»

ደሜ ፈላ። «ሸኽ፣ ይቅር በሉኝ አንቱ፣ ቀኑን ሙሉ ጉልበቷ ላይ ተኝታ ንጹሕ የሆነች ድመት፣ ፀጉሯ ሲፈተል ነጃሳ የሚሆነው እንዴት ተብሎ ነው?»

«እኔ አልደነገግኩትም ልጄ» አሉ በለሆሳስ። «በሌላው የሕግ መንገድ፣ በሐነፊዎቹ ዘንድ ደግሞ ፀጉር ችግር የለበትም። እዚሁ አገራችን በነሱ የሚሄድ ሞልቷል። ለሕመሟ ብላ በነሱ ብትሄድ የሚነቅፋት የለም።»

«እንግዲያው አለቀ!» አልኩ እጄን አጨብጭቤ።

አዬ ግን ጎንበስ ብላ ቋጠሮውን መፍታት ጀምራለች። «አባትሽ ሶላት ያስተማረኝ በሻፊዒ ነው» አለች። «ጉልበቴን ስላመመኝ መንገዴን ልቀይር?» ሁለቱንም ማሰሪያ አጣጥፋ ጎኗ አስቀመጠችና ሸኹን ቀና ብላ አየቻቸው። «እስከ ዛሬ በዚህ የሰገድኩትስ?»

«ሳታውቂ ነው። አላህ መሓሪ ነው፣ አትጨነቂ።»

አንገቷን ነቀነቀች። ያንን አንገት መነቅነቅ አውቀዋለሁ፤ እሺ ማለት አይደለም።

ወንድሜ ማታ ሲሰማ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» አለኝ። በእንዝርቱ ልወጋው ምንም አልቀረኝ። ማን ይጠይቃል? ውሻ ቢሆን ኖሮ ገና ሳልጀምር እጠይቅ ነበር። ድመት ንጹሕ መሆኗን ሁላችንም ስለምናውቅ ነው ለመጠየቅ ያላሰብነው። ያወቅነው ነገር ነው ጉድ የሠራን!

በማግስቱ አዬ ዙህር ሰገደች፣ ወንበሩ ላይ። ስትጨርስ ወንበሩን ገፍታ ምንጣፉ ላይ ቆመች። ባዶ ጉልበቷን።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«በማሰሪያው የሰገድኩትን እንደገና ሰግጄ ልመልስ።»

«ሸኹ አትጨነቂ ብለውሻል እኮ!»

«አልተጨነቅኩም። ልቤ እንዲያርፍ ነው።»

«እሺ፣ ወንበሩ ላይ መልሺው!»

«ቆሜ የሰገድኩትን ተቀምጬ አልመልስም» አለችና እጇን ወደ ጆሮዋ አንስታ «አላሁ አክበር» አለች። ሶላት ከገባች በኋላ ማን ያናግራታል?

ስትወርድ የጉልበቷ መንቋቋት እኔ ጋ ይሰማል። ስትነሳ ግድግዳውን ትቧጥጣለች። እኔ በሩ ላይ ጥርሴን ነክሼ ቆሜ አያለሁ። ጉልበቷን ላሳርፍ ብዬ ዓመት ሙሉ የደከምኩበት ነገር፣ የቆመችውን ሶላት ሁሉ በዚያው በታመመ ጉልበት እንደገና አስቆማት። በሸኹ ተናደድኩ፣ በድመቷ ተናደድኩ፣ በፈረንጇና በሹራቧ ተናደድኩ፣ ከሁሉ በላይ በሷ ተናደድኩ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያለች መለሰችው። ሁሉንም። ቆማ።

የመጨረሻውን የጨረሰች ቀን ፍራሹ ላይ ዘፍ አለች፤ ከንፈሯ ነጥቷል። እኔ ማሰሪያዎቹን ከተቀመጡበት አንስቼ ወደ በሩ ሄድኩ።

«የት ትወስጃቸዋለሽ?»

«ሽንት ቤት ልጨምራቸው! ለሶላት ካልሆኑሽ ምን ይሠሩልሻል?»

እግሮቿን በሁለት እጇ እያነሳች አንድ በአንድ ዘረጋቻቸው። «ስቆምማ አላህ ያግዘኛል» አለች። «ሶላቱ ሲያልቅ ነው የሚያመኝ። ሲያልቅ ደግሞ ያለሽኝ አንቺ ነሽ። ነይ፣ እሰሪልኝ።»

ተንበርክኬ አሰርኩላት። በንዴት ስቸኩል ቋጠሮው ላላ።

«አጥብቂው» አለችኝ።

ፈትቼ እንደገና አሰርኩት።