የሴል ሽፋን ቀለምና የመተማው በረዶ

ይህ ነገር ተጽፎ የሚነበብ ነው ወይ ብዬ ደጋግሜ አስቤያለሁ። ጀግና የለበትም፤ ያለው አንድ ሳህን በረዶ ነው። ካሳቀ ግን ይበቃኛል።

አንደኛ ዓመት ስጨርስ መምህሬ ለክረምቱ ምርምር መተማ ይዘውኝ ወረዱ። በኮኪት እርሻዎች ካላዛር የሚባለው ገዳይ በሽታ ከያዛቸው ሠራተኞች የተወሰደውን ተውሳክ ጤና ጣቢያው ውስጥ በጠርሙስ እናራባለን። የእኔ ሥራ የተውሳኩን ሴሎች የውጭ ሽፋን ብቻ በማይክሮስኮፕ ሥር በሚያበራ ቀለም መቀባት ነበር። ሴል ካልቀዘቀዘ ቀለሙን ይውጠዋል፤ ያኔ ሽፋኑ ከውስጡ አይለይም። በረዶ ያለው ደግሞ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ሱቅ ብቻ ነው፤ በላምባ የሚሠራ ፍሪጅ አላቸው።

ሽማግሌው በረዶውን በነጻ ይሰጣሉ። እንግዳ ግን ከርከዴ የሚሉትን ቀይ የአበባ መጠጥ ሳይጠጣ ከሱቃቸው አይወጣም።

"አባባ፣ ይቀልጥብኛል" አልኳቸው።

"ወላሂ አትሄድም! በዚህ ፀሐይ የሚቀልጠውስ ሰው ነው። ጠጣ።"

ትልቅ ሰው እምቢ ማለት አልችልበትም። ጠጣሁ፤ ተደገመልኝ። ጤና ጣቢያ ስደርስ ሳህኑ ውስጥ የነበረው ለብ ያለ ውሃ ነው። በማግስቱም እንዲሁ።

መምህሬ ከማይክሮስኮፑ ቀና አሉ። "ግድግዳውን ቀባ ብልህ ቤቱን ከነዕቃው ቀባኸው! ለዚህ ሳምንት የቀረችን አንዲት ጠርሙስ ናት። እሷን ካበላሸህ በመጀመሪያው የጭነት መኪና ጎንደር ትመለሳለህ፤ ሌላ ተማሪ ይመጣል።"

ስለዚህ በረዶውን ወደ ሴሎቹ ማምጣት ትቼ ሴሎቹን ወደ በረዶው ወሰድኳቸው። ቱቦ እያሽከረከረ ሴሎቹን ከሥር የሚያዘቅጠውን፣ በእጅ የሚዞረውን ሴንትሪፊውጅ ሱቁ ባንኮኒ ላይ አሰርኩ። ሴሎቹ ያሉበትን ቱቦ በረዶ ውስጥ ተከልኩ፤ ቀለሙን ጨመርኩና ከርከዴዬን ራቅ ብዬ ተቀበልኩ። የተረፈውን ቀለም ላጥብ መዘወር ስጀምር ለአረም የመጡ የጎጃም ሠራተኞች ከበቡኝ።

"ቅቤው መቼ ይወጣል?" አለ አንዱ።

"ቅቤ አይደለም" አልኩ ከልቤ ላስረዳው፤ "የካላዛር ተውሳክ ነው።"

ስሙን ያውቁታል። ሱቁ ባንድ ጊዜ ባዶ ሆነ።

"ገበያዬን በተንክልኝ" አሉ ሽማግሌው። "በል ሁለተኛውን ጠጣ።"

አጥቤ ስጨርስ እዚያው ሱቁ ውስጥ ሴሎቹን ገድሎ ባሉበት የሚያደርቃቸውን ፎርማሊን ቱቦው ላይ ጨመርኩበት፤ ከዚያ ወዲያ ሙቀት አያሰጋም። ጤና ጣቢያ ስመለስ መምህሬ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሱ። የሴሎቹ ዙሪያ ብቻ በርቷል፣ ውስጣቸው ጨለማ ነው።

"ትቆያለህ" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የምቀባው ሁልጊዜ ሱቁ ውስጥ ነበር፤ ሽማግሌው ግን ደንበኛ በሌለበት ሰዓት እንድመጣ ለመኑኝ። የመጨረሻዋን ጠርሙስ ቀብቼ የጨረስኩት በመስቀል ዋዜማ፣ መስከረም 16 ቀን 1979 ዓ.ም. ነው።