ሁለቱም ላይ ይጽፋል

ከሚሊኒየሙ ወዲህ መካነ ሰላም ላይ ቪዲዮ ቤት ነበረኝ። ቪዲዮ ቤት ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ካሜራ፣ ፏፏቴ የተሣለበት አንድ መጋረጃ፣ ራሱን ኢንጂነር የሚያደርግ አንድ ሽበታም። ሽበታሙ እኔ ነኝ። በገበያ ቀን እናቶች ከየገጠሩ መጥተው፣ ከፏፏቴው ፊት ተቀምጠው፣ አረብ አገር ላሉ ልጆቻቸው ይናገራሉ። እኔ በሲዲ ገልብጬ በመንገደኛ እልካለሁ፤ ካሴቱን ደግሜ ስለምቀርጽበት ዋናው እኔ ዘንድ ኮምፒውተር ላይ ይቀራል።

እንዳይጠፋብኝ ሁለት ሃርድ ዲስክ የሚይዝ ያገለገለ ሳጥን ከደሴ ገዛሁ። ሬይድ ይሉታል። ያስተካከለልኝ የሠርጌ ሚዜ ነው፤ ከቤቴ ጥግ ተቀምጦ በእኔው ኮምፒውተር በሰው ሞባይል ላይ ዘፈንና ፊልም ይጭን ነበር።

«አንዱ ላይ የተጻፈው ሌላውም ላይ ይጻፍ። አንዱ ቢሞት ሌላው ይኑር» አልኩት።

ሰማያዊ ገጽ ከፍቶ ተጫነ፣ ተጫነ። እኔ መነጽሬን አድርጌ፣ የገባኝ ይመስል ራሴን እነቀንቃለሁ።

«የቱን መረጥክ?»

«ያልከውን ነዋ! ሁለቱም ላይ ይጽፋል።»

ሁለት አረንጓዴ መብራት በራ። አንዱ የሌላው ግልባጭ ከሆነ የሚታየው ቦታ የአንዱ ዲስክ ያህል ብቻ መሆን ነበረበት። የታየኝ ግን የሁለቱ ድምር ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ይጠረጥራል። እኔ ብልሁ ምን አልኩ? «በረካ ያለው ሳጥን ነው!» ብዬ ለሰፈሩ አወራሁ።

ከቀረጽኳቸው እናቶች አንዷ ወደ አኼራ ሄዱ። ልጃቸው ከጅዳ ደወለች። የተላከላትን ሲዲ ማዳሟ ጥላባት ኖሯል።

«ጋሼ፣ የእናቴ ፎቶ እንኳ የለኝም። ልመጣ ነው፤ ዋናው አለ አይደል?»

«አብሽሪ! እኔ ዘንድ የገባ አይጠፋም።»

ልትመጣ ስትቃረብ አንደኛው ዲስክ ይንቋቋ ጀመር፤ መብራቱም ቀላ። አልደነገጥኩም፤ ሌላው አለልኛ! ሳጥኑን በጋቢ ጠቅልዬ፣ እንደ ሕፃን ታቅፌ በአውቶቡስ ደሴ፣ ኮምፒውተር ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት።

ባለሙያው ከፍቶ አየና፣ «ጋሼ፣ ይሄ ግልባጭ አይደለም» አለኝ። «ፋይሉ ሁሉ ተቆራርጦ ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ነው የተጻፈው። አንዱ ከሞተ ሁለቱም የሉም። ሰፊ ቦታ የፈለገ ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው። ማን አስተካከለልዎት?»

«ሚዜዬ።»

«ምን አድርገውት ነው?»

ተመልሼ ስገባ ሚዜዬ ለአንዱ የህንድ ፊልም እየጫነ ነው።

«አወቅህ?» አለኝ ቀና ሳይል። «ፊልሞቼ ቦታ አልበቃቸው አሉ፤ ምን ላድርግ?»

«አትነግረኝም?»

«ብነግርህ እሺ ትል ነበር?»

«አልልም!»

«እኮ! ለዚያ ነው ያልነገርኩህ። ይልቅ ለልጅቱ መብራት መጥቶ አቃጠለው በላት።»

«አልዋሽም» አልኩት። ከነጋ ጀምሬ የምነግራትን ሳሰናዳ፣ አንዴ እየተቆጣሁ አንዴ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ከፏፏቴው ፊት ብቻዬን ስለፈልፍ ዋልኩ። ያኔ አለመቀረጼ ጠቀመኝ።

ልጅቱ መጣች። ሚዜዬ ሻንጣዋን ተሸክሞ ከኋላዋ ነው፤ ከመናኸሪያ ቀድሞ ተቀብሏታል።

ምንም ሳልናገር እጄን ያዘችና፣ «አይጨነቁ፣ ጋሼ» አለችኝ በለሆሳስ። «ሳያውቁ ነካክተው መሆኑን ነግሮኛል። ዕድሜ ነው፤ ምን ይደረግ።»

አፌን ከፈትኩ። እሱን አየሁት፤ ሻንጣውን እንደያዘ መጋረጃዬን ያያል። ልጅቱ የመጣችው ለእናቷ እንጂ ለእኛ ጠብ አልነበረም። አፌን መልሼ ዘጋሁ።

«ምን ብላኝ ነበር?» አለች።

«ካሜራውን ትክ ብለው አይተው ‹ከሳሽብኝ› አሉ። ገና ሳያዩሽ። ከዚያ የጎረቤት ፍየል ጎመናቸውን እንደበላችባቸው ነገሩሽ፤ አብዛኛው ስለ ፍየሏ ነው።»

ሳቀች። «እሷ ናት፤ ወላሂ እሷ ናት። ሌላስ? አልመረቀችኝም?»

እንዳልመረቋት አውቃለሁ። ፍየሏን ሲራገሙ ነው ካሴቱ ያለቀው። ምን ልበል ብዬ ሳስብ ሚዜዬ ሻንጣውን አስቀመጠ።

«እንዴት አይመርቁሽ! ‹በሄድሽበት ፊትሽ ይብራ፣ አፈሩ ወርቅ ይሁንልሽ› አሉ እንጂ። እኔ እዚህ ጋ ቆሜ ነበር» አለ ዓይኑን በመዳፉ እየጠረገ።

እናቷ በተቀረጹበት ቀን እሱ ፊልም ሊያመጣ ደሴ ሄዶ ነበር።

ልጅቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።