ንፋስ ነው ያለኝ

ባሌ ካንትሪ የሚሉት የአሜሪካ ባላገር ዘፈን ወዳጅ የሆነው በሬዲዮ ምክንያት ነው። በከባድ መኪናው ጭነት ይዞ ከምንኖርባት ከኮሎምበስ ወደ ኬንተኪና ወደ ዌስት ቨርጂኒያ ተራሮች ሲወጣ፣ ከተማውን እንደለቀቀ ጣቢያው ሁሉ እየተንኮሻኮሸ ይጠፋና ሁለት ብቻ ይቀሩታል፤ አንዱ ፓስተር ነው፣ አንዱ ካንትሪ። እሱ የደሴ ልጅ፣ የሼህ የልጅ ልጅ ነው። ፓስተሩን ዘግቶ ዘፋኙን ያዘ።

መጀመሪያ እንቅልፍ ለማባረር ነው አለኝ። ቀጥሎ ቤት ውስጥም ማንጎራጎር ጀመረ። ብሉግራስ የሚባለውን ዓይነት «ሰማያዊ ሣር ማለት ነው» ብሎ ሲያስረዳኝ፣ ሣር ሰማያዊ ሆኖ የታየው የት አገር ነው ብዬ ሳቅኩበት። አልተቀየመም። ፊድል የሚሉትን መሣሪያ ደግሞ ያው ማሲንቆ ነው፣ ሦስት ክር ጨመሩበት እንጂ እያለ ይሟገተኝ ነበር።

ከሁሉም የሚወደው ንፋስ ያለባቸውን ነው። እነዚህ ሰዎች ስለ ሰመር ንፋስ ያላሉት የለም። ንፋሱ መጋረጃ ያወዛውዛል፣ የልጅቷን ፀጉር ይበትናል፣ በረንዳ ላይ የተቀመጠውን ሽማግሌ ያስተኛል፣ የሞተች እናት ድምፅ ይዞ ይመጣል። እኔ ነገሩ አይገባኝም ነበር። እኛ አገር ንፋስ ይመታል እንጂ አይዘፈንለትም። ታክሲ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው «ዝጋው እንጂ፣ ልትጨርሰን ነው?» ነው የሚባለው። ደግሞ እኮ እነሱ ሰመር የሚሉት ለእኛ ክረምት ነው። «ሐምሌ ላይ የምን ንፋስ ነው የምታሞግስልኝ? ይልቅ ጋቢ አቀብለኝ» እለው ነበር። እሱም እየሳቀ ካቆመበት ይቀጥላል። ቃሉን አያውቀውም፤ ዜማውን ብቻ በአፍንጫው ይዞት ይዞራል።

አማቴ ሊጠይቁን የመጡት በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ መጀመሪያ፣ ኮሮና ገና ወሬ ሳለ ነው። ከዚያ አውሮፕላኑ ቆመና ሬይኖልድስበርግ ካለው አፓርትመንታችን ሳይወጡ ከረሙ። ጨዋ ሴት ናቸው፤ ምላሳቸው ግን አይቻልም። ልጃቸው ሥራ በወጣ ቁጥር እስኪመለስ ዱዓቸውን አያቋርጡም ነበር።

ሰመሩ ሲገባ ባሌን ሳል ያዘው። መኝታ ቤቱን ለብቻው ለቀቅንለትና ዶክተር ጋ ደወልን። ዶክተሩ በስልክ፣ ውሃ ይጠጣ፣ በሆዱ ይተኛ፣ መስኮት ይከፈት አለን። ጦርነቱ የተጀመረው በዚህች መስኮት ነው። አማቴ ፌጦና ዝንጅብላቸውን ይዘው፣ ሁለት ማስክ ደርበው ይገባሉ። መጀመሪያ የሚያደርጉት መስኮቱን መዝጋት ነው።

«ልጄ፣ ንፋስ ነው የጣለህ። ደግሞ ከፍተህ ትጠራዋለህ?»

«እማዬ፣ ዶክተሩ እኮ ነው ኦፕን አድርጉት ያለው።»

«እሱ ዶክተር እናቱን ይዞ ይምጣ፤ ከእሷ ጋ እንነጋገራለን።»

እሱ በዚያ ሳሉ ላይ ይስቃል። ሳቁ ደግሞ ሳሉን ያባብሰዋል። እኔ መሃል ላይ ነኝ። እሳቸው ሲሰግዱ እከፍታለሁ፣ እሱን ሲያሸልበው እዘጋለሁ። ማን ልክ እንደሆነ አላውቅም ነበር። ቢከፈትም ያስለዋል፣ ቢዘጋም ያስለዋል። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ዶክተሩም ይሁን እማዬ፣ አድርጊ ያሉኝን ሁሉ አደረግኩ። በእንፋሎት አጠንኩት፣ ጀርባውን በቅቤ አሸሁት፣ ጣቱ ላይ የኦክስጅን መለኪያዋን ሰክቼ ቁጥሯን እንደ ዳኛ ፊት አያለሁ። ቁጥሯ መውረዷን አልተወችም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከንፈሩ ጠቆረ። ናይን ዋን ዋን ኮል አደረግኩ። ከጫማ እስከ ራሳቸው የተሸፋፈኑ ሰዎች መጡ፤ የማን ፊት እንደሆነ አይታወቅም። አልጋ ላይ አስረው ሲያወርዱት አብሬ ወረድኩ። አምቡላንሱ በር ላይ ሲደርሱ አንዷ እጇን ዘርግታ እዚህ ጋ ይበቃሻል አለችኝ። ባሌ ራሱን ቀና አደረገ። የኦክስጅኑ ማስክ አፉ ላይ እንዳለ አንዲት ቃል ተናገረ። ንፋስ ነው ያለኝ። በሩ ተዘጋ። ቀና ብዬ ሳይ አማቴ ፎቅ ላይ ግንባራቸውን ከመስታወቱ አስደግፈው ቆመዋል።

ሆስፒታል መግባት ክልክል ነበር። በማግስቱ ትንፋሽ የሚሰጠውን ማሽን አስገቡለትና አስተኙት። ከዚያ ወዲያ ባሌን የማውቀው በነርሷ ድምፅ ነው። ደግ ሴት ነበረች። ሁልጊዜ ደውላ «ዛሬ ስቴብል ነው» ትለኛለች። ስቴብል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ስንት ጊዜ ጠየቅኳት! አልተሻለውም፣ አልባሰበትም ማለት ነው። ሰው እንዴት እንደዚያ ሆኖ ይከርማል?

አንድ ቀን «የሚወደው ሙዚቃ አለ? ጆሮው ላይ እናጫውትለታለን፤ የተኛ ሰው ይሰማል ይባላል» አለችኝ። ያኔ ቃሉ ገባኝ። ወይም የገባኝ መሰለኝ። ዘፈኑን ነበር የጠየቀኝ። «ካንትሪ ነው የሚወደው» ስላት ሳቀች። እሷ ራሷ የተራራው አገር ልጅ ናት፣ አያቷ ባንጆ የሚሉትን ክራር መሳይ ይመቱ ነበር። «የትኛውን?» አለችኝ።

የትኛውን? የንፋሱን። እኔ የማውቀው ስም ይኸው ነው።

ስልኩ እቤት ቀርቷል። የሚከፈተው በጣቱ ነው፤ ጣቱ ሆስፒታል ነው። በራሴ ስልክ ፈለግኩ። አንድ ሥራ ፈት የሰመር ንፋስ ያለባቸውን የካንትሪና የብሉግራስ ዘፈኖች ሰብስቦ ደርድሯቸዋል። ማለቂያ የላቸውም። እንደሱ ያለ ሌላ ሥራ ፈት ደግሞ ሌላ ሰብስቧል። አማቴ ሳሎን ተቀምጠው የተስቢህ መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ፣ እኔ ኩሽና ውስጥ ኢርፎን ሰክቼ ባንጆ እሰማለሁ። እንዳያውቁብኝ ጀርባዬን እሰጣቸዋለሁ። እሳቸው ከሆስፒታል ጋ እያወራሁ ይመስላቸዋል። እያንዳንዱ ሲጀምር ይሄ ነው እላለሁ፤ መሃሉ ላይ ሲደርስ አይደለም። ሁሉም ንፋስ አለው፣ ሁሉም በረንዳ አለው፣ ሁሉም የሄደ ሰው አለው። ስንት ዓመት አጠገቤ ሲያንጎራጉር አንድ ቀን ጆሮ ሰጥቼ ብሰማው ምናለበት! ዜማውን ራሴ ላንጎራጉረው ስሞክር ከሌሎቹ ጋር ተደባልቆ ጠፋብኝ። ተናደድኩ። በዘፈኖቹ ተናደድኩ፣ በራሴ ተናደድኩ፣ ተኝቶ የማይመልስልኝ ሰው ላይ ሳይቀር ተናደድኩ።

ለምን ቁርአን ክፈቱለት አላልሽም የሚለኝ ይኖራል። አስቤዋለሁ። ግን እሱን ካልኩ በቃ እየሞተ ነው ማለቴ መሰለኝ። ዘፈን የሚከፈትለት ነገ ተነስቶ መኪናውን ለሚነዳ ሰው ነው። በመጨረሻ ይቀርባል ያልኩትን አንዱን ላክሁላት። በነጋታው ደውላ «ፊቱ ዘና ያለ መሰለኝ» አለችኝ። ያቺን «መሰለኝ» ይዤ ዋልኩ።

ሌላ ጊዜ ስትደውል ድምፅዋ ሌላ ነበር። ረፋዱ ላይ ነው። «ብቻውን አልነበረም፤ እጁን ይዤው ነበር። ዘፈኑም ክፍት ነበር» አለችኝ። አመሰገንኳት። ምን ይባላል?

የቀበሩት ጥቂት ወንዶች ናቸው፣ ተራርቀው ቆመው። እኔና አማቴ ከመኪና ውስጥ ሆነን አየን። ለቅሶ የሚደርስ ሰው ምግብ በር ላይ አስቀምጦ ይደውልና ይሄዳል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ሁለታችን ብቻ ቀረን። አማቴ ጮኸው አላለቀሱም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰግደው ሲያበቁ፣ ከመስገጃው ሳይነሱ፣ ዞረው አዩኝ።

«ያን ቀን ሲወስዱት ከታች አንድ ነገር ሲልሽ አይቻለሁ። ምን አለሽ?»

«ንፋስ አለኝ፣ እማዬ።»

መስኮቱን በመዝጋታቸው የወቀሳቸው መስሏቸው የፈሩ መሰለኝና ላጽናናቸው አፌን ከፈትኩ። ቀደሙኝ።

«ንፋስ ነው ወይስ ነፍሴ?»

ከማስክ ውስጥ፣ ትንፋሽ ካጠረው ሰው አፍ፣ ሁለቱ አንድ ቃል ናቸው። ደጋግሜ በጆሮዬ ሰማሁት፤ አንዴ ንፋስ ይለኛል፣ አንዴ ነፍሴ ይለኛል።

«ነፍሴ ነው ያለሽ» አሉ፣ ፊታቸው እየበራ። «ነፍሴን አደራ ማለቱ ነው። ልጄ ጌታውን አስቦ ነው የሄደው። ጆሮው ላይም ቁርአን ሳይቀራለት አልቀረም። አይደል?»

አፌን አፌን እያዩ ይጠብቃሉ። አይ ብላቸው ያለቻቸውን አንዲት ነገር መንጠቄ ነው። አዎ ብላቸው ደግሞ፣ ነፍሱን አደራ ላለ ሰው ባንጆ ልኬለታለሁ ማለት ነው።

«አዎ፣ እማዬ» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ» አሉና ተመልሰው ወደ ቂብላው ዞሩ።

ያልነገርኳቸው አንድ ነገር አለ። ደስ ባለው ቀን፣ ከመኝታ ቤት ቻርጀሬን አየሽው ብሎ ሲጣራ፣ ወይም እንዲያው መጥቼ አጠገቡ እንድቀመጥ ሲፈልግ፣ እኔንም የሚጠራኝ ነፍሴ ብሎ ነበር። ያን ቀን አምቡላንሱ በር ላይ ዘፈኑን ይጠይቅ፣ ነፍሱን አደራ ይበል፣ ወይስ እኔኑ ይጥራ፣ አላውቅም። እኔ ግን ያኔ፣ በሩ ሳይዘጋ፣ እሺ ብዬዋለሁ።