ከወገብ በላይ የተማርኩት ጭፈራ

ልጅ ሳለሁ ጭፈራ ከወገብ በላይ ብቻ የሚሠራ ነገር ይመስለኝ ነበር። እግር ለመሄጃ፣ ትከሻ ለመጨፈሪያ፤ በቃ፣ ሥራው እንዲህ የተከፋፈለ ነው ብዬ አምን ነበር። ሞኝ ስለነበርኩ ብቻ አይደለም፤ ያስተማረኝ ሰው ተቀምጦ ስላስተማረኝ ነው።

ሰውየው አባባ መንገሻ ይባላሉ። ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 7 ቢስ በሚባለው ሰፈር እኛ በተከራየንበት ግቢ፣ ከበሩ አጠገብ ባለችው ክፍል ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ዕድሜያቸውን ባቡር ላይ ጨርሰው ጡረታ የወጡ ናቸው። ምን ይሠሩ እንደነበር ግን ለይተው አይናገሩም። «ባቡር ላይ ነበርኩ» ይላሉ፤ እኛም ልጆቹ የተተኮሰ ሸሚዛቸውንና ቀጥ ያለ ጀርባቸውን አይተን የባቡር ነጂ አድርገን ሾመናቸው። ቀኝ ጉልበታቸው በሽተኛ እንደሆነ ግቢው በሙሉ ያውቃል። ሠርግ ወይም ክርስትና ላይ «አባባ፣ ይነሱ እንጂ!» ሲባሉ ጉልበታቸውን መታ መታ አድርገው «ይቺ ባትኖር ኖሮ!» ይላሉ። ሰው ሁሉ ከንፈሩን ይመጥላቸዋል፤ ሥጋም ይጨመርላቸዋል።

ያኔ ሙቀቱ በሚብስባቸው ወራት መብራት በየማታው ይሄድ ነበር። ማራገቢያው ቀጥ ሲል ግቢው ፍራሽና ምንጣፉን እየጎተተ ወደ ውጭ ይወጣል፤ አባባ መንገሻም አንድ እግሯ በሽቦ የታሰረችውን የብረት ወንበራቸውን ከደጃፋቸው ያወጣሉ፣ ፋኖሱን ከፊታቸው የለስላሳ ሣጥን ላይ ያስቀምጣሉ፣ ማንቆርቆሪያቸውን ከሰል ላይ ይጥዳሉ። ኤዶ ሃሊማ፣ የሶማሌ ጎረቤታችን፣ ዓሣ የጠበሰችበት ፍም ጭሱን ገና አልጨረሰም። (ኤዶ በነሱ ቋንቋ አክስት ማለት ነው፤ የግቢው ልጅ ሁሉ አክስት ነበረች።) ከወደቡ በኩል የከባድ መኪና ጥሩምባ ይሰማል። የፋኖሱ ብርሃን የአባባን ጥላ ከኋላቸው ቆርቆሮው አጥር ላይ ይጥለዋል፤ ሣጥኑ የታችኛውን ስለሚጋርደው ቆርቆሮው ላይ የሚታየው ከወገብ በላይ ያለው ግዙፍ ሰው ብቻ ነው። እኔ ያንን ጥላ እያየሁ ነው ጭፈራ የተማርኩት።

ተረታቸው ሁልጊዜ የባቡር መንገድ ነበር። ባቡሩ ከጅቡቲ ይነሳል፣ በየጣቢያው ይቆማል፣ በየጣቢያው አንድ ጭፈራ ይወለዳል። አይሻ ላይ የሶማሌው ዳንቶ አለ፤ የግመልን አረማመድ አይቶ አንገቱን የወሰደ ጭፈራ። ድሬዳዋ ላይ ሸጎዬ አለ፤ እሱን ደግሞ መነጋገር የተከለከሉ ወጣቶች በአንገታቸው የጀመሩት ወሬ ነው ይሉናል። አዋሽ ላይ የአፋሮቹ አለ፤ «እሱ ብቅ የማለትና የመጥፋት ጭፈራ ነው» ይሉና ጭንቅላታቸውን ከሣጥኑ በታች ደብቀው እንደገና ብቅ ይላሉ። ለምን ይጠፋሉ ብለን ስንጠይቅ «አገሩ እንደዚያ ነው» ብለው ወደ አዲስ አበባ ይነዱታል። እዚያ፣ ለገሃር ጣቢያው ላይ፣ እስክስታ ይጠብቀናል። ድሮ አንድ ሰው በሁለት እጁ የማር ገንቦ ይዞ ወደ ሠርግ ሲሄድ ጉንዳን በአንገቱ ገባበት። ገንቦውን ቢለቅ ማሩ ይፈሳል፤ ባይለቅ ጉንዳኑ ይበላዋል። ምን ያድርግ? በትከሻው ተከላከለ። ሠርገኛው ይህን ሲያይ እልል አለ፤ ከዚያ ወዲህ ገንቦም ጉንዳንም ሳይኖር ይኸው እስከ ዛሬ ይጨፈራል።

ተረቱ ካለቀ በኋላ ትምህርት ነበር። ጭፈራ እንደ ወንበራቸው አራት እግር አለው ይሉን ነበር፦ ሰውነት፣ ቦታ፣ ጊዜ፣ ኃይል። ሰውነት የሚነቃነቀው ነው። ቦታ የተቀመጥክበትና እጅህ የሚደርስበት ነው። ጊዜን በማንኪያ የሻይ ብርጭቆ እየመቱ የባቡሩን ጎማ አመታት ያሰሙናል። ኃይልን ደግሞ ሻይ ሲቀዱ ነው የሚያሳዩን፤ ማንቆርቆሪያውን ወደ ላይ ከፍ አድርገው እንደ ክር እያቀጠኑ ይቀዱና፣ ወዲያው ጧ አድርገው ይደፉታል። «ያው አንድ ሻይ ነው፤ ኃይሉ ግን ተለያየ፤ ትከሻም እንዲሁ።» አንድ ጠብታ እንኳ ከብርጭቆው ውጭ አይወድቅም። የባቡር ነጂ ሻይ መቅዳት ከየት ተማረ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም፤ ጠይቄ አላውቅም።

ያኔ እኔ የማልናገር ልጅ ነበርኩ። የኢትዮጵያውያን ትምህርት ቤት ነበር የምማረው፤ እዚያ ስሜ ሲጠራ እጄን ብቻ ነው የማወጣው። አንድ ዓመት፣ ትምህርት ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ እናቴ ሻሽና ጨርቅ በምትሸጥበት ሱቋ ደጃፍ ላይ ፍርዷን ሰጠች፦

«ይቺ ልጅ ዓመት ሙሉ አፏን አልከፈተችም አሉኝ። ዝም ለማለት ትምህርት ቤት ምን ያደርጋል? ሱቅ ውስጥም ዝም ይባላል። በመጪው ዓመት እዚህ ትቀመጥልኝ።»

እኔ ደግሞ ትምህርት ቤትን እወድ ነበር። መውደዴንም ለማንም አልተናገርኩም።

በዚያው ሳምንት የሒሳብ መምህራችን ቲቸር ሰናይት ክፍል ገባችና በመዝጊያው ቀን ወላጆች ፊት የሚቀርበውን የአገር ጭፈራ ለልጆቹ የሚያሳይ ሰው እንደምትፈልግ ተናገረች። «እኔ ማካፈል እንጂ መጨፈር አልችልም» አለች።

ከጎኔ የምትቀመጠው ቤዛ እጇን አወጣች። «ሂሩት ትችላለች፣ ቲቸር! ጡረተኛው የባቡር ነጂ በየማታው ነው የሚያስተምሯት!»

«ሂሩት? ሂሩት ትናገራለች እንዴ?» አለች ቲቸር ሰናይት።

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን እጄን አወጣሁ። ቲቸር ሰናይት በዚያኑ ቀን እናቴ ሱቅ ድረስ ሄዳ ነገረቻት። እናቴ ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ሰማቻትና «እሺ፤ በመዝጊያው ቀን፣ ሰው ፊት፣ አፏን ስትከፍት በዓይኔ ካየሁ ትቀጥላለች። ካላየሁ ሱቅ ትገባለች» አለች።

አምስት ልጆች ተሰጡኝ። አምስት ወንበር በረድፍ ደረደርኩና አስቀመጥኳቸው፤ ጭፈራ የሚጀምረው በመቀመጥ ነዋ! አባባ ያስተማሩኝን ሁሉ እያሳየሁ፣ በማንኪያ ብርጭቆ እየመታሁ፣ ያለ ብዙ ቃል አስተማርኳቸው። ጎበዞች ነበሩ። የቤዛ ትከሻማ ጉንዳን የገባበት ሰው ራሱ ቢያየው የሚቀናበት ነበር።

መዝጊያው ሁለት ቀን ሲቀረው ቲቸር ሰናይት መጥታ አየችንና አጨበጨበች። «ውይ ሲያምር! በሉ አሁን ቆማችሁ አሳዩኝ።»

ቆሙ። ትከሻው ሄደ፣ አንገቱ ሄደ፤ እግራቸው ግን ሲሚንቶ ውስጥ የተተከለ ይመስል ቀጥ አለ።

«እግራችሁስ?»

ቤዛ ወደኔ ዞረች። «እግር አልተማርንም።»

«ሂሩት፣ እግራቸውስ?»

«እግርም ይጨፍራል እንዴ?» አልኩ።

በዚያ ዓመት ክፍል ውስጥ የተናገርኩት ረጅሙ ነገር ይህ ነበር። ቲቸር ሰናይት ግን አልተደሰተችበትም።

ማታ፣ ሌሎቹ ልጆች ከመምጣታቸው በፊት፣ አባባ መንገሻ ፊት ቆምኩ። «አባባ፣ እግሩስ ምን ያደርጋል?»

ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ፍሙን በመቆስቆሻ ገለጥ ገለጥ አደረጉት። ከዚያ ለኔ ሻይ ቀዱልኝ፤ እንደ ክርም ሳያቀጥኑ፣ ጧም ሳያደርጉ፣ እንዲሁ።

«እሙዬ፣ እኔ የባቡሩ ሻይ ቤት አስተናጋጅ ነበርኩ» አሉኝ። «ባቡር ሲቆም ሰው ሁሉ ይወርዳል። የኔ ሥራ ደግሞ ያኔ ነው የሚጀምረው። በመስኮት ብርጭቆ አቀብላለሁ፣ በመስኮት ብርጭቆ እቀበላለሁ። ውጭ ሠርገኛው ይጨፍራል፣ ሸኚው ይጨፍራል። መስኮቱ እስከዚህ ነው።» ወገባቸውን በእጃቸው ቆረጡት። «ከዚህ በታች ምን እንደሚያደርጉ እግዜር ይወቀው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ግማሽ ግማሽ ሰው ነው ያየሁት።»

«አፋሮቹ የሚጠፉትስ?»

«ይዘላሉ መሰለኝ።»

ቀኝ ጉልበታቸውን አየሁ።

«ጉልበትዎስ፣ አባባ?»

«ጉልበቴማ ደህና ናት» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ታዲያ ስለ ጭፈራ ይህን ሁሉ አውርቼ፣ ተነስ ሲሉኝ ቆሜ ልደናበር? ለማንም እንዳትነግሪ።»

«እኔ ለማን ነግሬ አውቃለሁ?»

ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። በሁለት ቀን ውስጥ እግር የሚያስተምር ሰው ፈልጎ ማግኘትም፣ የአባባን ምስጢር ሳያወጡ ለምን እንደፈለጉት ማስረዳትም ለኔ የማይቻል ነበር። ስለዚህ «ለምን እኛም መስኮት አንሠራም?» አልኩ።

እናቴ ከሱቋ ሰማያዊ ጨርቅ አዋሰችኝ። «እንዳይቆሽሽ!» ብላ ሦስት ጊዜ አስጠነቀቀችኝ። በመዝጊያው ቀን አምስቱ ልጆች መድረኩ ላይ በረድፍ ተቀመጡ፤ ሁለት ረጃጅም የስምንተኛ ክፍል ሴቶች ጨርቁን ከፊታቸው ግራና ቀኝ ወጥረው ያዙት፤ ከወገብ በታች ያለው ሁሉ ባቡር ሆነ። የጣቢያዎቹን ስም የምጠራው እኔ ነኝ። እናቴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ እጇን አጣምራ ተቀምጣለች። አባባ መንገሻ ፊት ላይ፣ «በሽተኛ» እግራቸውን ዘርግተው።

«አይሻ» አልኩ።

«አልተሰማም!» አለ ከኋላ የቆመ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር።

ወደ አባባ አየሁ። ያኔ አባባ መንገሻ ከንፈራቸውን አሹለው ቀስ ብለው «ቱ…ት» አሉ። እንደ ባቡሩ። «አይሻ!» ብዬ ጮህኩ፤ የአምስቱ ልጆች አንገት እንደ ግመል ተነሳ፣ ሰውም አጨበጨበ። ድሬዳዋ ላይ ጭብጨባው ባሰ። አዋሽ ስንደርስ ጭንቅላቶቹ ከጨርቁ በላይ ብቅ ሲሉና ሲጠፉ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፤ ጨርቅ ከያዙት ሴቶች አንዷም ደስ ብሏት አጨበጨበች። በሁለት እጇ።

ጨርቁ ወደቀ።

አሥር እግር ታየ። አሥሩም ነጠላ ጫማ አድርገው፣ እንደተሰቀለ ልብስ ተንጠልጥለው፣ ምንም አያደርጉም። ትከሻቸው ግን ገና አልቆመም ነበር።

«ልጆቹ ወገባቸውን ረስተውት ነው የመጡት?» አለ ያው ሹፌር። የቤዛ ዓይን እንባ ሞላ። እናቴ በነጠላዋ አፏን ያዘች፤ ትስቅ፣ ታፍር አላወቅሁም። እኔ አፌን ገጠምኩ። አለቀ፣ ሱቅ ነው አልኩ በልቤ።

ያኔ አባባ መንገሻ ብድግ አሉ። ሳይደገፉ፣ እንደ ወጣት።

«ጉልበታቸው!» አለ ግቢያችን በሙሉ ባንድ ድምፅ።

«ባቡሩ ቆሟል!» ብለው ጮሁ አባባ። «ምን ትጠብቃላችሁ? ውረዱ!»

ልጆቹ ከወንበራቸው ዘለው ወረዱና ቆሙ። አባባም መሀላቸው ገብተው መጨፈር ጀመሩ። እንዲህ ያለ እግር አይቼ አላውቅም፤ አንደኛው ሲጋራ የሚረግጥ፣ ሌላኛው የሞቀ ውሃ የሚሞክር ይመስል ነበር። ጨንቋቸው ወደኔ አዩ። እኔ እንደማልነግርባቸው አምነው ነበር፤ አሁን ራሳቸው ሰው ሁሉ ፊት ተናገሩት፣ ያውም በእግራቸው። ከዚያ በላይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«እግር የሚያውቅ ሰው ይምጣልን!» ብዬ ጮህኩ። ድምፄ የአዳራሹን ቆርቆሮ ጣሪያ መትቶ ተመለሰ። «የአይሻ ሰው! የድሬዳዋ ሰው! እግር አምጡ!»

«ወላሂ፣ እንደዚህ አይደለም!» አለች ኤዶ ሃሊማ፤ ቀሚሷን ሰብስባ ወጣችና አባባን በክንዳቸው ይዛ የዳንቶን እግር ታሳያቸው ጀመር። አንዲት የድሬዳዋ ሴት ልጆቹን ለሸጎዬ አሰለፈች። ሹፌሩም ወጣ። የጉራጌ ልጅ ኖሯል፤ የአገሩ ጭፈራ በአባባ ጣቢያዎች ላይ ለምን እንደሌለ የገባኝ ጉልበቱን እያነሳ መሬቱን ሲያስጨንቀው ሳይ ነው። በመስኮት በኩል ምን ይታያል! እኔ ጣቢያ መጥራቴን አላቆምኩም፤ «ለገሃር!» ስል አዳራሹ በሙሉ ቆሞ ነበር።

ሲያልቅ እናቴ ጨርቁን ከመሬት አነሳች። ዘረጋችው። የእግር ዱካ ብቻ ነው።

«ይህን አሁን ማን ይገዛዋል?» አለች። ከዚያ ሜትሩ የሌለበትን አንገቷን እየዳሰሰች አየችኝ። «የደብተር ቦርሳ ይወጣዋል።»

ያንን ቦርሳ ሁለት ዓመት ያዝኩት። በኋላ እናቴ ታመመችና ትምህርቱን አቋርጬ ሱቅ ገባሁ፤ ያኔ ግን መናገር ችዬ ነበር። አባባ መንገሻም ከዚያ ቀን ወዲህ በየሠርጉ እየተጎተቱ ይነሱ ነበር። «ጨረስሽኝ እኮ፣ ሂሩቴ!» ይሉኝ ነበር ላባቸውን እየጠረጉ። እስከ መጨረሻው እግራቸው አልተሻሻለም።

ዛሬ እኔም እናት ነኝ። ልጄ የምትማርበት፣ ሆዳን የሚባለው ሰፈር ያለው መዋዕለ ሕፃናት ለትንንሾቹ እንቅስቃሴና ጭፈራ የሚያስተምሩ ረዳቶች ፈልጎ ጥቂታችንን ሥልጠና ላይ አስቀመጠን። አሠልጣኟ የመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ ጻፈች፦ ሰውነት፣ ቦታ፣ ጊዜ፣ ኃይል። ሳላስበው ሳቄ አመለጠኝ። «ታውቂያቸዋለሽ? የት ተማርሻቸው?» አለችኝ። «ባቡር ላይ» አልኩ። ባቡር ግን ተሳፍሬ አላውቅም። የአባባ ባቡር ከቆመ ቆየ፤ አዲሱ ደግሞ መስኮቱን ዘግቶ ነው የሚያልፈው።

በሽቦ የታሰረችው ወንበር አሁን እኔ ጋ ናት። ለልጆቹ እሷ ላይ ተቀምጬ የማሩንና የጉንዳኑን ተረት እነግራቸዋለሁ፤ እነሱም ተቀምጠው ትከሻቸውን ይሞክራሉ። ከዚያ «ባቡሩ ቆሟል፣ ውረዱ!» እላቸዋለሁ። ልጄ ሁልጊዜ ሳልጨርስ ነው የምትወርደው። የእግሩን ነገር እስከ ዛሬ ከነሱ ነው የምማረው።