የራዲያተሩ የላይኛው ቱቦ

አባቴ ሠላሳ ዓመት ያህል ከአዲስ አበባ አምቦ፣ አንዳንዴም እስከ ነቀምት ጭነት ያመላለሰ ሾፌር ነው። ስኳር በሽታው ዓይኑን ከያዘው ወዲህ ግን ከቤታችን በረንዳ ርቆ አይሄድም። ብርሃንና ጥላ ይለያል፤ የሰው ፊት አይለይም። ከሦስት ዓመት በፊት አዲስ አበባ የሚኖረው ወንድሜ፣ አባታችን ይነዳው የነበረውን የሚመስል የጭነት መኪና ሞዴል በካርቶን ላከልን። ከእውነተኛው ሃያ አራት ጊዜ ያነሰ፣ በእጅ የሚገጣጠም ነው።

"አንተ ገጣጥመው፤ አባዬ በእጁ ይዳብሰው" አለኝ በስልክ።

የመሬት ቅየሳ ባለሙያ ስለሆንኩ ጥቃቅን ሥራ አይከብደኝም ብዬ ጀመርኩ። ሻንሲው፣ ጎማው፣ ጋቢናው በቀላሉ ገጠመ። ሞተሩ ላይ ስደርስ ነገር ተበላሸ። ከካርቶኑ የወጡት የራዲያተሩ የውሃ ቱቦዎች ደረቅ ፕላስቲክ ስለነበሩ ገና ስነካቸው ተሰበሩ። "ግድ የለም፣ ራሴ እሠራቸዋለሁ" አልኩ። ያንን ያልኩበትን ቀን ስረግም ኖሬአለሁ።

ከስልክ ሽቦ ላይ ልባሱን ገፍፌ ቱቦ አደረግሁት። ሲታጠፍ መሃሉ እየተጨፈለቀ ሲያስቸግረኝ ቀጭን የመዳብ ክር አስገባሁበት። ቱቦው የሚሰካበትን አፍ ከስሪንጅ መርፌ እየቆረጥኩ በሞረድ አስተካከልኩ። እያንዳንዷ ቁራጭ ከጤፍ እምብዛም አትበልጥም። ወረንጦውን ትንሽ ካጠበቅሁት ትፈናጠራለች፤ ከዚያ በጉልበቴ ተንበርክኬ ወለሉን ስዳብስ እውላለሁ። አንዱ ጫፍ ሲገባ ሌላው ይወልቃል። ሱፐር ግሉው ቱቦውን ትቶ ጣቴን ከራዲያተሩ ጋር ያጣብቃል፤ የቀባሁትን ጥቁር ቀለምም ያነጣዋል። አንድ የላይኛው ቱቦ ሁለት ወር ሙሉ ቅዳሜና እሑዴን በላው።

አባቴ ደግሞ በየቀኑ ይጠይቃል።

"የውሃው ቱቦ ገባ?"

"አልገባም።"

"ማሰሪያ ቀለበቱስ?"

"አባዬ፣ ቱቦው ሳይገባ ቀለበት ከየት ይመጣል?"

"ቀለበቱን እኮ ቀድመህ ነው ቱቦው ላይ የምታጠልቀው።"

እውነቱን ነበር። እውነቱን መሆኑ ይበልጥ አበሸቀኝ።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ በዚያው ቀን ለሦስተኛ ጊዜ ያስገባሁት ቱቦ ከነመሰኪያው ተነቅሎ ወጣ። ወረንጦውን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት።

"ማል ታኤ?" አለ አባቴ። ምን ሆነ ማለቱ ነው፤ ሲደነግጥ ኦሮምኛው ይቀድመዋል።

"ምን ይሆናል! ኮፈኑ ሲዘጋ ለማይታይ ነገር! ማን ሊያየው ነው እንዲህ የምቃጠለው?"

ለማን እንደተናገርኩት የገባኝ ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። አባቴ ግን አልተቆጣም።

"እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር" አለ። "ጊንጪ ላይ የምነዳው መኪና ቱቦ ማፍሰስ ጀመረ። መካኒኩ ቀለበቱ ይቀየር ቢለኝ፣ ገብስ ጭኜ ቸኩዬ ስለነበር፣ 'በሽቦ እሰረው፣ ኮፈን ሲዘጋ ማን ያየዋል' አልኩት። ከጉደር በላይ ዳገቱ ላይ ውሃው አልቆ ሞተሩ ተቃጠለ።"

"ሥራ የለቀቅኸው የመኪናው ባለቤት ስለሸጠው አልነበር እንዴ?"

"ለእናትህ የነገርኳት እንደዚያ ነው። አባሮኝ ነው።"

እናቴ ይህን ሳትሰማ ነው ያረፈችው። ማዘኔን ልነግረው ፈልጌ ነበር፤ ንዴቴ ግን ገና አልበረደም። ወረንጦውን አንስቼ ወደ ሳጥኑ መለስኩትና ወጥቼ ሄድኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀለበቶቹን አስቀድሜ አጥልቄ እንደገና ሞከርኩ። ያዘ። ሙጫው እስኪደርቅ አንድ ቀን ሙሉ ትንፋሼን ዋጥ እያደረግሁ ጠብቄ፣ ሞዴሉን ለአባቴ ሰጠሁት።

"እንዳትጫነው" አልኩት።

የትንሽ ጣቱን ጫፍ ከራዲያተሩ አንስቶ እስከ ሞተሩ ቀስ አድርጎ አስኬደው።

"ጠሟል" አለ።

"አዎ፣ ጠሟል" አልኩ ጥርሴን ነክሼ።

"ቀለበቶቹ ግን አሉ። ሁለቱም አሉ።" ሞዴሉን ሳይመልስልኝ ገለበጠና ከሥር ዳበሰው። "የታችኛውስ ቱቦ?"

የታችኛው እስከ ዛሬ አልገባም። ባለፈው ወር ሁለት መርፌ ሰብሬ ተውኩት። አባቴ አሁንም ይጠይቀኛል፤ እኔም "በሚቀጥለው ቅዳሜ" እለዋለሁ።